ልብና ኩላሊት

ሟቹ የሕመም ፈቃድ ላይ ነበር፤ የሞተው ግን መሪ ጨብጦ ነው።

የአውቶብስ ማደሪያው ጥበቃ ጠዋት ግቢውን ሲዞር፣ ጥግ ላይ በቆመው አውቶብስ ውስጥ ሰው ተቀምጦ አየ። አልደነገጠም። ሾፌሩን ሁሉም ካፒቴን ነው የሚሉት፤ «ካፒቴኑ ነው» ብሎ እጁን አውለበለበለትና አለፈ። ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ ሰውዬው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ጥበቃው እንደገና ሰላምታ ሰጠ። ሰላምታው ለሁለተኛ ጊዜ ሜዳ ላይ ሲቀር ነው በሩን የከፈተው።

እኔ ስደርስ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ መስተዋቶቹ ሁሉ ተስተካክለው ነበር። ካፒቴኑ የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፏል። ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ከእግሩ ሥር በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትውከት አገኘን፤ አውቶብሱን እንዳያቆሽሽ ተጠንቅቆ ነው ያስመለሰው። በዚህ ሥራ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፣ እንዲህ የተጠነቀቀ ግን አላየሁም።

«ፈቃድ ላይ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት ጥበቃውን።

«ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ኢንስፔክተር። ልቡን ካመመው ወዲህ መሪ ከልክለውታል። አይነዳትም፣ ቁልፏ እኔ ጋ ነው። ዝም ብሎ ይቀመጥባትና መስተዋት ያስተካክላል። ማንን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩት።»

አብሮኝ የመጣው ሳጅን ነገር ቶሎ መቋጨት ይወዳል። «የልብ ሕመምተኛ ነበር፣ ልቡ ቆመ። በቃ የተፈጥሮ ሞት ነው» አለኝ።

«የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል፣ አንተ። ለማንኛውም ሬሳው ይመርመር» አልኩት።

ጣቢያ ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ የሟቹ ታናሽ ወንድም መጣ። ግንበኛ ነው፤ ጫማውን ሲሚንቶ በልቶታል። ቀና ብዬ ሳየው ክው አልኩ። ቁመቱ፣ ግንባሩ፣ አፍንጫው ቁርጥ ሟቹን ነው። ሬሳውን በገዛ ዓይኔ ባላየው ኖሮ ካፒቴኑ ራሱ ሊከስ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

«ገድላዋለች» አለ ወንበር ሳይዝ።

«ማን ናት የገደለችው?»

«ያቺ ሴትዮ! ሚስት ተብዬዋ! በኪኒን ነው የገደለችው። ጋሼ ‹ያቅለሸልሸኛል፣ ያዞረኛል፣ ይቅርብኝ› እያላት አገጩን ይዛ ስታውጠው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ክፍለ ሀገር ሥራ ቆይቼ ስመለስ ሰውነቱ አልቆ ነው ያገኘሁት። ‹ኧረ ተይው› ብላት ‹ሐኪም ያዘዘውን አታስተጓጉልብኝ› አለችኝ።»

«ምን አድርጓት ትገድለዋለች?»

«መሪ እንዲተው ትፈልጋለች። ‹ከእኔና ከዚያ ቆርቆሮ አንዱን ምረጥ› ስትለው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ጠይቋቸው።»

ጎረቤቶቹን ጠየቅን፤ እውነትም ሰምተዋል። ቢሆንም ከአውቶብስ ጋር ተቀናንታ ባሏን የገደለች ሴት እስከዛሬ አላጋጠመችኝም። ነገሩን ለነገ ልተወው ስል የአስከሬን መርማሪው ደወለ።

«ቶሎ እንዳትዘጊው» አለኝ። «የልብ መድኃኒት ደሙን ሞልቶታል። ዝርዝሩን ገና እየሠራሁ ነው፣ ግን ይሄ መጠን ሰው ይገድላል።»

ሴትዮዋን ቤቷ ሄደን አገኘናት። ልብስ ሰፊ ናት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጥቂት ሴቶች ከበዋታል፤ የልብስ መለኪያው ሜትር እንኳ ከአንገቷ አልወረደም። መርዶውን የሰማችው የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠች ነው፤ ማንም አውልቂው ያላት የለም። ሴቶቹን አስወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ኪኒኑን የሚሰጧቸው እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ። በእጄ።»

«አልፈልግም ሲሉም?»

 ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጥፋተኛው እጇ ብቻ የሆነ ይመስል። «አልፈልግም ሲልም። ሐኪሙ ‹እንዳያስተጓጉል፣ ልቡ ይረበሻል› ብሎኝ ነበር። እንዳይሞትብኝ ብዬ እኮ ነው። ዛሬም አውጬው ነው ‹እግሬን ላፍታታ› ብሎ የወጣው። ሸሚዙን ተኩሽልኝ ሲለኝ ምነው አልጠረጠርኩ!»

አላለቀሰችም። ሳጅኑ ኮስተር ብሎ በአንገቱ በሩን አመለከተኝ። በመርማሪው ቃል መሠረት ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ፤ ሴትዮዋ ታሰረች።

የቀብሩ ቀን በአጃቢ ላስወጣት አስፈቅጄ ነበር። ወንድምየው ግን ጣቢያው በር ላይ ቆሞ «እሷ ከረገጠች እኔ ወንድሜን አልቀብርም። ሬሳውን መንገድ ላይ ትቼው እሄዳለሁ» ብሎ ማለ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ቃሉን እንደሚፈጽም አየሁ። ሬሳ መሐል ድብድብ እንዳይነሳ እሷን ማስወጣቱን ተውኩት። ሴትዮዋ ውስጥ ሆና ሰምታለች።  ባሏ ያለ እሷ ተቀበረ።

እኛ ወደ ሥራችን ገባን። ሳጅኑ የኪኒኑን ዕቃ ወስዶ ከታዘዘው ጋር አስተያየ። የቀረው ልክ መቅረት ያለበት ነው። ኪኒኖቹም ተመርምረው ትክክለኞቹ ሆነው ተገኙ። ሳጅኑ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ «ከሌላ ቦታ ገዝታ ጨምራበት ይሆናል» ብሎ በአካባቢው ያሉትን መድኃኒት ቤቶች በሙሉ አዳረሰ። ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሸጠም፣ ሴትዮዋን አይቻታለሁ ያለም አላገኘም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

የአስከሬን መርማሪውን ለማየት ራሴ ሄድኩ። የድሮ ባልደረባዬ ነው። ከሙታን ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ ሕያው ሰው ሲያገኝ ወሬ አይጨርስም።

«ያን ዕለት በስልክ አስደነገጥኩሽ» አለኝ። «አሁን ለይቼ ሠራሁት፣ ነገሩ ሌላ ነው።»

«ሌላ ማለት?»

«ሰውዬው ሲወስድ የነበረው ፕሮካይናማይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ልብ የምትመታው ከላይ ተነስቶ ወደታች በሚወርድ ኤሌክትሪክ ነው። የዚህ ሰውዬ ኤሌክትሪክ ያለቦታው እየተነሳ ምቱን ያዛባበታል። መድኃኒቱ ጉዞውን ያዘገይና ሥርዓት ያስይዘዋል። እስከዚህ ደግ ነው?»

«ደግ ነው፣ ቀጥል።»

«መድኃኒቱ ግን እንደተዋጠ አይቀርም። ጉበት ከፊሉን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ይሄ ሁለተኛው ነገር የራሱ ጠባይ አለው፤ የኤሌክትሪኩን ጉዞ እምብዛም አይነካም። ልብ አንዴ መትታ ለሚቀጥለው ምት የምትሰናዳበትን ጊዜ ነው የሚያስረዝመው። በልኩ ሲሆን እሱም ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ገና ሳትሰናዳ ሌላ ምት ይደርስባትና መምታቱን ትታ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ያኔ ሰውዬው ራሱን ይስታል። ምቱ ቶሎ ካልተመለሰ አለቀ።»

«ታዲያ በደሙ ውስጥ የበዛው የቱ ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። መድኃኒቱ ራሱ ከፍ ብሏል፣ ግን የሚገድል አይደለም። ተራራ ያከለው ሁለተኛው ነው። አንድ ሰው በተንኮል እፍኝ ሙሉ ኪኒን ቢያውጠው ኖሮ የሚበዛው መድኃኒቱ ነበር፤ ጉበት ያን ሁሉ ለመለወጥ ጊዜ አያገኝም። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ቀስ እያለ ሲጠራቀም የከረመ ነው።»

«የታዘዘለትን ብቻ ከወሰደ ለምን ይጠራቀማል?»

ጓንቱን አወለቀ። «ሁለተኛው ነገር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። የዚህ ሰውዬ ኩላሊቶች ተጨማደው ጭብጥ የማይሞሉ ሆነዋል። የቆየ በሽታ ነው፣ የዓመታት። ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድዬ ነው ይላሉ፤ እኔ እንኳ በወር ደመወዝ መርምሬ አወቅሁት። ለእንዲህ ዓይነት ኩላሊት ይሄን መድኃኒት በሙሉ መጠን ያዘዘው ሐኪም ምን ነክቶት ነው?»

እኔም ሐኪሙን ይህንኑ ልጠይቀው ሄድኩ።

የድርጅቱ ሠራተኞች ክሊኒክ ከአውቶብስ ማደሪያው ጀርባ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የካፒቴኑን ሞት ሰምቶ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ኩላሊት የሚለውን ቃል ስጠራ ግን ግራ ተጋባ።

«የማን ኩላሊት?»

«የካፒቴኑ።»

«ተሳስተዋል። መድኃኒቱን ከማዘዜ በፊት ደሙን አስመርምሬያለሁ። ውጤቱ የጎረምሳ ኩላሊት ነው የሚለው። በየዓመቱ በምናደርገው ምርመራም አንድ እንከን አልተገኘበትም።»

«እኛ ያየነው ኩላሊት ግን የሽማግሌም አይባልም፣ ዶክተር። ተጨማዷል።»

ቀለሙ ከፊቱ ላይ ሲሸሽ አየሁት። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ከሆነማ... ገደልነው ማለት ነው። ግን እንዴት ይሆናል? መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ የልቡን ኤሌክትሪክ ላነሳና ደም እንደገና ልወስድ ቀጥሬው ነበር። ቢመጣ ኖሮ ልቡ የምትሰናዳበት ጊዜ እየተራዘመ መሆኑን አይና አስቆመው ነበር። ቀረ። ሳስደውልለት ‹ትንሽ ታገሱኝ፣ የምጠብቀው ሰው አለ፣ እሱ ሲመጣ እመጣለሁ› አለ።»

«የሚጠብቀው ሰው ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ዘመድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

«ኩላሊቱን የታመመ ሾፌር ምን ይደረጋል?»

«እንደ ሕመሙ ነው። የሱ ዓይነቱን ግን ደንቡ ከመሪ ያነሳዋል፤ ትኬት ይሸጣል ወይ በር ይጠብቃል። የልቡ ጉዳይ ሌላ ነው። ምቱ ከተስተካከለ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ ብዬው ደስ ብሎት እጄን ሊስመኝ ነበር።»

ከክሊኒኩ ደጅ እንደወጣን ሳጅኑ «ሐኪሙን ልሰረው?» አለኝ።

«አንተ ሰው ሳታስር አታድርም እንዴ?»

«ታዲያ ውጤቱን አጭበርብሮ ቢሆንስ? ወይ ላቦራቶሪዋ ደሙን ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅላው ቢሆንስ?»

ሁለተኛው ግምቱ መጥፎ አልነበረም። ተመልሰን ወደ ላቦራቶሪው ገባን። ደም የምትወስደው ሴት ፈጣን፣ ተጫዋች ናት። ደጅ ላይ ያልነውን በመስኮት ሰምታ ነው መሰለኝ ገና ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

«አልቀላቅልም። ብልቃጡ ላይ ስሙን የምጽፈው ሰውዬው ፊቴ እንደተቀመጠ ነው። አንዴ ቢሆን ተሳስታለች በሉኝ። የካፒቴኑ ደም የየዓመቱም ጤነኛ፣ ያሁኑም ጤነኛ። በየዓመቱ በሱ ስም ብቻ ነው የምሳሳተው?»

ልክ ናት። አንድ ስህተት ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ አይወድቅም።

«የተቀመጠው ሰው ካፒቴኑ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«ስም እጠራለሁ፣ የተጠራው ይነሳል። መታወቂያ የሚጠየቀው ባንክ ቤት ነው።»

የካፒቴኑን ፎቶ አሳየኋት። አየችው፣ ራቅ አድርጋ ደግሞ አየችው። «እሱ ነው። ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ፊት ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የማየው ክንድ ነው።»

«ክንዱንስ ታስታውሺዋለሽ?»

ሳቀች። «የሱን ክንድ ማን ይረሳል! ደም ሥሩ እንደ ገመድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብወጋ አልስተውም። ‹ሁሉም እንዳንተ በሆነልኝ› እለው ነበር። ነፍሱን ይማር።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄጄ ሴትዮዋን ካለችበት አስጠራኋት። ከታሰረች ወዲህ ከስታለች። ከመቀመጧ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ ጉዳይ አልነበረም።

«ቀብሩ ላይ ሰው መጣ?»

«መጣ። ሾፌሮቹ ሁሉ ነበሩ።»

«ይወዱታል» አለች፤ ወደ መሬት እያየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ መርፌ ሲወጉ ይቸገሩ ነበር?»

«ኧረ ስቃይ ነው! ደም ሥሩ አይገኝም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሊያደርጉለት ነርሶቹ እየተፈራረቁ ሲወጉት ክንዱ በልዞ ነው የተመለሰው። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ይስቃል።»

«ክሊኒክ ደም ሰጥቼ መጣሁ ሲሉስ?»

«እዚያስ ምልክትም የለው። ‹ጎበዝ ልጅ አለች፣ እጇ አይታወቅም› ይለኛል።»

«እግራቸው ያብጥ ነበር?»

«ማታ ማታ። ‹ሲቀመጥ የዋለ እግር አያብጥም ወይ፣ ሾፌር አይደለሁ?› ይለኛል። መሪውን ተው የምለው ለሱ ነበር እንጂ እኔ አውቶብሱ ምን አድርጎኝ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው? ምን አገኛችሁ?»

«ነገ እነግርዎታለሁ» አልኳት። እኔ ያገኘሁትን ግን ገና በአፌ ለመናገር አልደፈርኩም። ሰው በሕይወቱ ከሚያገኘው መልስ ሁሉ የከፋው፣ የጠላውን ሰው ጥፋት ሲፈልግ የራሱን ሲያገኝ ነው።

ግንበኛው ከከተማው ዳር የሚሠራ ሕንፃ ላይ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ብሎኬት ይደረድራል። ከታች ሆኜ ጠብቄው ወረደ። ክንዱን አየሁት፤ ደም ሥሩ ከአንጓው እስከ ክርኑ ገመድ ነው።

«ፈረዱባት?» አለኝ ገና ሳይጠጋኝ።

«ለወንድምዎ ደም መስጠት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ማንም እንዳይሰማ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ማን ነገረዎት?»

«ክንድዎ።»

እጅጌውን ወደታች ሳበ። ከዚያ ተናደደ። «አሁን ያ ምን ያደርጋል? ሰው ገድላ ተቀምጣ ስለ ድርጅት ደንብ ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁት? እሺ፣ ሰጥቻለሁ! ሌላ ሐኪም ‹ኩላሊትህ ደክሟል› ያለው ዕለት ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። እኔ ጋሼ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አባታችን ሲሞት እንኳ እኔን ሲያባብል ነው የዋለው። ‹ከመሪ ካነሱኝ ምን እሆናለሁ? በር ጠባቂ?› አለኝ። ምን ልበለው? ኩላሊቴን ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር፣ ኢንስፔክተር። የጠየቀኝ ግን ትንሽ ደም ነው።»

«ልባቸውን ሲያማቸውስ?»

«ያኔም ‹ደም አምጣ ብለውኛል፣ እንደ ልማዳችን› አለኝ። ትንሽ ከበደኝ። ‹ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ለመድኃኒት ነው፣ እውነቱን ብንነግራቸውስ?› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹የታመመው ልቤ ነው፣ ኩላሊቴ ምን አገባው? ልቤ ሲድን መሪዬን ይመልሱልኛል። ኩላሊቴን ካወቁ ግን ልቤ ቢድንም አይመልሱልኝም› አለኝ። ነገሩ እውነት መሰለኝና ሄድኩ።»

«ለሁለተኛው ቀጠሮ ሲጠብቁት የነበረው ሰው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነበርኩ። መጥቼ ሰኞ ልሄድለት ተነጋግረን ነበር። አልደረሰም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ካፒቴኑ ግን በሽታውን ደብቆ መድኃኒት ተገኘለት፤ የገደለውም እሱ ነው። ይህን ለወንድሙ መንገር የኔ ሥራ ሆነ። በተደረደሩት ብሎኬቶች ላይ እንዲቀመጥ ነገርኩት፤ አልቀመጥም አለ።

«ያ የልብ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል» አልኩት። «እሱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ካልወጣ ይጠራቀምና ልብን ያናውጣል። ሐኪሙ መጠኑን የወሰነው ኩላሊታቸው ጤነኛ ነው ብሎ ነው።»

«ጤነኛ አልነበረማ።»

«አዎ። ጤነኛ ነው ያለው ግን የመጣለትን ደም አይቶ ነው።»

ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ነገሩ ፊቱ ላይ እየገባው ሲሄድ አየሁት፤ ዓይኔን ልመልስ ብዬ አልቻልኩም።

«ታዲያ መድኃኒቱ የተለካው በኔ ነው?»

«በእርስዎ ነው።»

ያኔ ተቀመጠ። ሥራ ያቆሙት ሌሎቹ ግንበኞች ከላይ ሆነው ያዩናል። አልጮኸም፣ ደረቱን አልመታም። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነው።

«ያቅለሸለሸው... ያዞረው...»

«ከተጠራቀመው ነው።»

«እሷ አገጩን ይዛ...»

«እሳቸው የሰጡት ሐኪም ያዘዘውን ነው። አንድ ኪኒን አልጨመሩም፣ አንድም አልቀነሱም።»

«እሰሩኝ» አለ።

«ቃልዎን እንቀበላለን። በሰው ስም ደም መስጠትዎን ዐቃቤ ሕግ አይቶ የሚለውን ይላል። እርስዎ ለሚፈልጉት ዓይነት እስር ግን አንቀጽ የለንም።»

ሁለት እጆቹን ጭኖቹ መሐል ቀበረ። «እኔ እኮ ከቀብሩ ከለከልኳት» አለ።

 ሳጅኑ እንኳ፣ ያ ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልገው ሰው፣ ዞር ብሎ ግንቡን ያይ ጀመር።

ሴትዮዋ በማግሥቱ ተፈታች። ለምን እንደተፈታች እኔ ልነግራት አስቤ ነበር። ወንድምየው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። «የከሰስኳት እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገራት» ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ይዘንባት የነበረውን ዕቃ መልሰን ሰጠናትና ወጣች። እሱን ስታይ ቆመች፤ ወደ ኋላዋ ዞራ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት።

ሁሉንም ነገራት። የመንገዱ ጫጫታ አንዳንዱን ቃል ይውጥ ነበርና ደጋግሞ ይላታል። አንዱንም አላስቀረም፤ የየዓመቱን ደም፣ ያሁኑን ደም፣ የሰኞውን ቀጠሮ፣ ኩላሊቴ ምን አገባው ያለውን ሳቅ። እሷ መሬት መሬት እያየች ሰማችው። በጥፊ የምትለው መስሎኝ ጠጋ ብዬ ነበር። ብትለውም አልገባባትም ነበር።

«ኩላሊቱን ለኔ ለምን አልነገረኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፣ እትዬ። አንቺ ካወቅሽ መሪውን እንደምታስጥይው ያውቃል።»

«አስጥለው ነበር» አለች። «አስጥዬ በሕይወት አኖረው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ደሙን ስትሰጥ ይገድለዋል ብለህ አስበሃል?»

«አላሰብኩም። እናቴን!»

«እኔም ሳውጠው አላሰብኩም።»  ወደ መንገዱ ማዶ፣ ከዚያ ወደ ፊቱ አየች። ያ ፊት የባሏ ፊት ነው፤ ከሱ ዓይኗን ማንሳት ከበዳት።

«የት ነው የቀበርከው?»

 በእጁ ወደ ታችኛው መንገድ አመለከተና ፊት ፊት መራመድ ጀመረ። እሷም ተከተለችው። ከጣቢያው አጥር ብዙ ሳይርቁ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እስኪያያት አለቀሰች። እሱም ቆመ። ዞሮ ሊያያት አልደፈረም፤ ጀርባውን እንደሰጣት ጠበቃት። ስትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ «ሂድ፣ ምራኝ» አለችው።